ሳንቲሙን ገልብጡት፦ «የጥንት ሳንቲም በአምስት ደቂቃ» ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ

«የጥንት ሳንቲም በአምስት ደቂቃ» የሚል ጽሑፍ ሰሞኑን ከስልክ ስልክ ሲዘዋወር ነበር። ለእኔም ደጋግሞ ደረሰኝ። ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፦ የግሪክ ወይም የሮማ ሳንቲም የገጠመው ሰው ባለሙያ አያስፈልገውም። ፊቱን አይቶ፣ ፊደሉን ለይቶ፣ ቁጥሩን አንብቦ፣ በማግኔት ሞክሮ የማን እንደሆነ ራሱ ይደርስበታል።

ጸሐፊው በአማርኛ ስለዚህ ጉዳይ ለመጻፍ መነሳታቸው ደስ ይላል። በቋንቋችን ስለ ጥንት ሳንቲም የሚነበብ ነገር ማግኘት መከራ ነው። ግን ምክሩን እንዳለ የተከተለ ሰው ወይ ይሸወዳል፣ ወይ በእጁ ያለውን ያበላሻል። ስለዚህ ነጥብ በነጥብ ልመልስ። ዓመቶቹም ወሮቹም፣ የእኛ ነው ካላልኩ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

«የፊቱን ምስል እዩ፤ የማን እንደሆነ መልኩ ይነግራችኋል»

አይነግራችሁም። በተለይ የግሪክ ከሆነ።

ጸሐፊው በምሳሌነት ያቀረቡት የአንበሳ ቆዳ የተከናነበ ወጣት ያለበትን የብር ሳንቲም ነው። «ይህ ታላቁ እስክንድር ነው» ይላሉ። ሰውየው ግን ሄራክሊስ ነው፤ አንበሳ ገድሎ ቆዳውን የለበሰው የግሪኮች ጀግና። ገልብጡትና ጀርባውን እዩ። የግሪኮች የአማልክት አለቃ ዜውስ ዙፋን ላይ ተቀምጧል። በአንድ እጁ ንስር፣ በሌላው በትር ይዟል። ከኋላው በግሪክ ፊደል «አሌክሳንድሩ» ይላል፤ የእስክንድር ማለት ነው። ስሙ የንጉሡ፣ ፊቱ የሄራክሊስ። ቀራጮቹ የንጉሡን መልክ ትንሽ ቀላቅለውበት ይሆን ወይ የሚል የቆየ ክርክር አለ። ክርክር ግን መለያ አይሆንም።

እሺ፣ ስሙ ካለበት በእስክንድር ዘመን የተመታ ነው እንበል? እሱም አያስኬድም። እስክንድር የሞተው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ323 ነው። ሳንቲሙ በየገበያው የታመነ ስለነበር ግን እሱ ከሞተ በኋላም ከተሞች ከ200 ዓመት በላይ በስሙ መምታቱን ቀጠሉ። በጥቁር ባሕር ዳርቻ የነበሩት ኦዴሶስና ሜሴምብሪያ ከመጨረሻዎቹ መካከል ናቸው። ስለዚህ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ፊቱን ብዙም አያፈጥበትም። ከዜውስ ፊት ለፊት ያለውን ባዶ ቦታና ከዙፋኑ ሥር ያለውን ይፈትሻል። እዚያ ትንንሽ ምልክቶች አሉ፤ አበባ፣ ችቦ፣ እርስ በርስ የተቆላለፉ ፊደላት። ከተማውንና ዘመኑን የሚጠቁሙት እነሱ ናቸው። የዜውስ እግሮችም ይታያሉ። ጎን ለጎን ከሆኑ ብዙውን ጊዜ ቀደም ያለ፣ ከተጠላለፉ ብዙውን ጊዜ ዘግየት ያለ ሥራ ነው። «ብዙውን ጊዜ» የምለው ከዚህ የሚያፈነግጡ የሳንቲም መምቻ ቦታዎች ስላሉ ነው።

የእስክንድርን የራሱን መልክ ማየት የፈለገ ሰው የሊሲማኮስን ሳንቲም ይፈልግ። ከጄኔራሎቹ አንዱ ነበር፤ ኋላ ነገሠ። በእሱ ሳንቲም ላይ እስክንድር አሞን የተባለው የግብፅ አምላክ የበግ ቀንድ ጆሮው ላይ ተጠምዞ ይታያል። ጽሑፉ ግን «የንጉሥ ሊሲማኮስ» ይላል። አሁን ደግሞ ተገላበጠ፤ ፊቱ የእስክንድር፣ ስሙ የሌላ ሰው።

ሮማ ላይ ነገሩ ትንሽ ይሻላል። ንጉሠ ነገሥታቱ የገዛ መልካቸውን አስቀርጸዋል፣ ስማቸውንም አስጽፈዋል። ጸሐፊው ግን ከዚህ ተነስተው «ስሙን ካነበባችሁ አለቀ» ይላሉ። አላለቀም።

«አንቶኒኑስ ፒዩስ» የሚለውን ስም ውሰዱ። በዚህ ስም ታሪክ የሚያውቀው ንጉሠ ነገሥት ከ138 እስከ 161 የገዛው ነው። ካራካላ የምንለው ሰው ግን በሳንቲሙ ላይ «አንቶኒኑስ ፒዩስ አውግ» ተብሏል፤ «አውግ» አውጉስጦስ የሚለው ማዕረግ አጭር ነው። ከ218 እስከ 222 የገዛው ወጣት፣ ኤላጋባለስ የምንለው፣ እሱም «ኢምፕ አንቶኒኑስ ፒዩስ አውግ» ነው፤ «ኢምፕ» ኢምፔራቶር ለማለት ነው። «ካራካላ»ም ሆነ «ኤላጋባለስ» በሳንቲማቸው ላይ የለም። ሁለቱም ቅጽል ስም ናቸው።

ታዲያ እንዴት ይለያሉ? የመጀመሪያው ጢሙ የተንዠረገገ፣ ፊቱ የረጋ ትልቅ ሰው ነው። በሳንቲሙ ላይም አብዛኛውን ጊዜ «አውግ» ከ«ፒዩስ» ይቀድማል። ካራካላ ካደገ በኋላ ግንባሩን ቋጥሮ የሚያፈጥ ሰው ነው፤ ከ213 ጀምሮ «ጌርም» የሚል ማዕረግ ይጨመርለታል፤ ጀርመኖችን ድል ነሳሁ ለማለት። ኤላጋባለስ ሲነግሥ ዕድሜው 14 ገደማ ስለነበር ፊቱ የልጅ ነው። ችግሩ ካራካላም ልጅ እያለ ሳንቲም ተመትቶለታል፤ እሱም ለስላሳ ፊት አለው። እዚህ ላይ ነው ጀርባው ሥራ የሚሠራው። ኤላጋባለስ ብዙ ጊዜ በጀርባው ባዶ ቦታ ላይ ኮከብ አለው። በመጨረሻዎቹ ሳንቲሞቹ ደግሞ ግንባሩ ላይ ቀንድ የመሰለ ነገር ይታያል። «ኢምፕ» የምትለዋ አጭር ቃል፣ ኮከቧ፣ የፊቱ ዕድሜ፤ ሦስቱ አንድ ላይ ሲቆሙ ነው «ይህ እሱ ነው» የሚባለው።

«የግሪክ ፊደል ካለው የግሪክ፣ የላቲን ፊደል ካለው የሮማ ነው»

ከጽሑፉ ሁሉ በጣም የሚያሳስተው ይህ ነው።

የሮማ ግዛት ምሥራቃዊ ግማሽ የሚናገረውም የሚጽፈውም በግሪክኛ ነበር። በዛሬዋ ቱርክ፣ ሶርያ፣ ግብፅና ግሪክ የነበሩ ብዙ መቶ ከተሞች የንጉሠ ነገሥቱን ፊት በአንድ ወገን፣ የራሳቸውን ጣዖት ወይም ቤተ መቅደስ በሌላው ወገን አድርገው በግሪክ ፊደል ነሐስ መትተዋል። ኔሮ በግሪክ ፊደል ሞልቷል። ሐድሪያን ሞልቷል። እነዚህ ሳንቲሞች በዘመን፣ በመንግሥትና በፊት ሮማዊ ናቸው።

ፊደሉም ራሱ ያታልላል። በሮማ ዘመን የግሪኩ ሲግማ የሚጻፈው ግማሽ ጨረቃ አስመስሎ ነው፤ ከላቲኑ «ሲ» ጋር አይለይም። የግሪኩ «ሮ» ደግሞ ቁርጥ የላቲኑን «ፒ» ይመስላል። ጀማሪ ሰው ሁለቱን አይቶ «ላቲን ነው» ብሎ ይደመድምና የሌለ ስም ሲፈልግ ይውላል።

ከሮማ ውጭም ቢሆን የግሪክ ፊደል ሩቅ ሄዷል። በዛሬዋ አፍጋኒስታን የነገሡት የባክትሪያ ነገሥታት በግሪክኛ መትተዋል። ሮማን ሲወጉ የኖሩት የፋርስ ፓርቲያውያንም እንዲሁ። ከፊንቄ ከተሞች አንዷ ጢሮስ በብር ሰቅሏ ላይ የከተማዋ አምላክ የሜልቃርትን ራስና ንስር አድርጋ «የተቀደሰችውና የማትደፈረው ጢሮስ» ብላ በግሪክኛ ጽፋለች። የይሁዳ 30 ብር ይህ ሳይሆን አይቀርም የሚሉ ብዙ ናቸው።

የእኛዋ አክሱምም እዚሁ ዝርዝር ውስጥ ናት። ጸሐፊው አማርኛ አንባቢ ይዘው ይህን መዝለላቸው ትንሽ ገርሞኛል። የአክሱም ነገሥታት ከሦስተኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ሳንቲም ሲመቱ ወርቁ ላይ የጻፉት በግሪክኛ ነው፤ የውጭ ነጋዴ እንዲያነበው። ብሩና መዳቡ ግን እያደር ወደ ግዕዝ ዞረ። ምልክቱን ያወቀ ሰው አይስተውም፦ በወርቁ ላይ የንጉሡ ምስል በሁለት የእህል ዛላዎች መካከል ይቆማል። ቀደም ባሉት ላይ ከራሱ በላይ ክብና ጨረቃ አለ፤ ኢዛና ክርስትናን ከተቀበለ በኋላ መስቀል ተተካ። ትንንሾቹ የአክሱም መዳቦች ግን በመጠን ከዘመኑ የሮማ ትንንሽ ነሐሶች ጋር ስለሚቀራረቡ ለመምታታት የተመቹ ናቸው።

ጉጉቷንም እዚህ ላይ ላንሳ። ጸሐፊው «ጉጉት ካለ የአቴና ነው» ይላሉ። የአቴናዋ ትልቅ ብር 17.2 ግራም ገደማ ትመዝናለች። በፊቷ የከተማዋ ሴት አምላክ አቴና የራስ ቁር ደፍታለች፤ በጀርባዋ ጉጉት፣ የወይራ ቅርንጫፍ፣ ትንሽ ጨረቃና ሦስት የግሪክ ፊደላት አሉ፤ አልፋ፣ ቴታ፣ ኤፕሲሎን። ይህች ብር በጣም ከመወደዷ የተነሳ ከግብፅ እስከ ዓረቢያ ድረስ አስመስለው መትተዋታል። በፋርሱ አርጤክስስ ሦስተኛ ዘመን ግብፅ ውስጥ የተመታች አለች፤ ጉጉቷ ያችው ናት፣ ጽሑፏ ግን በግብፆች ፊደል የንጉሡን ስም ይጠራል። አውሮፓ ያላችሁ ደግሞ የግሪክን አንድ ዩሮ ገልብጡ፤ ያችው ጉጉት አለች።

«ቁጥሩ ንጉሡ ስንት ዓመት እንደገዛ ይነግራችኋል»

እዚህ ላይ ረጋ ብዬ ልሂድ። ለአማርኛ አንባቢ ከሁሉም የሚቀርበው ይህ ነጥብ ነው።

ጸሐፊው የሚያነሱት በሮማ ዘመን እስክንድርያ የተመቱትን ሳንቲሞች ነው። እነሱ ላይ የላቲን «ኤል» የመሰለ ምልክት አለ፤ «ዓመት» ማለት ነው። ከአጠገቡ የግሪክ ፊደል ይመጣል፤ ፊደሉ ቁጥር ነው። አልፋ 1፣ ቤታ 2፣ ጋማ 3፣ ዮታ 10፣ ካፓ 20። ዮታና ቤታ ጎን ለጎን 12 ይሆናሉ። የግዕዝን ቁጥር የሚያውቅ ሰው ይህን መማር አያስፈልገውም፤ ፩፣ ፪፣ ፫፣ ፲፣ ፳ ከእነዚሁ ፊደላት የመጡ ናቸው። ፲፪ ማለት ያው ዮታና ቤታ ነው። በመዝሙረ ዳዊት የምዕራፍ ቁጥር ሲያነብ ያደገ ልጅ የእስክንድርያን ሳንቲም ዓመት በቀላሉ ያነባል።

ችግሩ የሚመጣው ከንባቡ በኋላ ነው። ቁጥሩ ንጉሡ ሙሉ ስንት ዓመት እንደቆየ አይናገርም። ንጉሠ ነገሥት ጋልባን እዩ። ኔሮ በሰኔ 68 ሞተ፤ ጋልባ ተተካ፤ ጥር 15 ቀን 69 ተገደለ። ሰባት ወር ገደማ ነው። ሆኖም በእስክንድርያ «ዓመት 2» የሚል የጋልባ ሳንቲም አለ። ፎርጅድ አይደለም። በግብፅ አቆጣጠር አዲስ ዓመት የሚገባው ነሐሴ 29 በዩሊየስ አቆጣጠር ነበር፤ እሱም የእኛው መስከረም 1 ነው። ንጉሡ የነገሠበት ጊዜ እስከ ዘመን መለወጫው ድረስ «ዓመት 1» ይባላል፤ አጭርም ይሁን ረጅም። መስከረም ሲጠባ «ዓመት 2» ይገባል። ቬስፓስያን ንጉሠ ነገሥት ተብሎ በእስክንድርያ የታወጀው ሐምሌ 1 ቀን 69 ነው፤ የመጀመሪያ ዓመቱ ሁለት ወር እንኳ አልሞላችም። ስለዚህ ቁጥሩን ስታነቡ መስከረምን አስቡ።

የላቲኖቹ ላይ ደግሞ ጸሐፊው «ኮስ 3» የሚለውን «በሦስተኛ የንግሥና ዓመቱ» ብለው ተርጉመውታል። ኮስ ቆንስል የተባለው የሮማ ከፍተኛ ሹመት ነው፤ ሦስተኛ ጊዜ ቆንስል ሆነ ማለት ነው። ሐድሪያን ሦስተኛ ጊዜ ቆንስል የሆነው በ119 ነው፤ ከዚያ በኋላ አልደገመውም። ስለዚህ «ኮስ 3» ያለበት የሐድሪያን ሳንቲም ከ119 እስከሞተበት 138 ድረስ በየትኛውም ዓመት ሊሆን ይችላል። ዓመት በዓመት የሚቆጠረው «ትር ፒ» የሚለው፣ የትሪቡንነት ሥልጣን ነው። እሱም ቢሆን ቁጥሩ ሲጻፍ ነው የሚጠቅመው፤ ሐድሪያን አብዛኛውን ጊዜ አላስጻፈውም።

«አረንጓዴ ከሆነና ካረጀ፣ ማግኔትም ካልሳበው ኦሪጅናል ነው»

ማግኔት የሚይዘው ብረት ያለበትን ፎርጅድ ብቻ ነው። አብዛኛው ፎርጅድ ከነሐስ፣ ከናስ፣ አንዳንዴም ከእውነተኛ ብር ይሠራል። ማግኔቱ ካልሳበው ምንም አላወቃችሁም። አረንጓዴው ቀለም በኬሚካል በቀናት ውስጥ ይመጣል። መጥፋፋትና መዳመጥም የዕድሜ ማስረጃ አይደለም። በ1895 ጣሊያን ውስጥ ቦስኮሬያሌ ላይ 1,000 ገደማ የወርቅ ሳንቲሞች ተገኝተዋል፤ በ79 ቬሱቪየስ ሲፈነዳ የተቀበሩ ናቸው። ብዙዎቹ ትናንት የተመቱ ይመስላሉ። ሳንቲምን የሚያስረጀው እጅ ነው፤ አፈር ውስጥ የከረመ ጊዜ ያን ያህል አያደክመውም።

የሚጠቅመው ሌላ ነገር ነው። የጥንት ሳንቲም የሚሠራው በመዶሻ ነው፤ የጋለ የብር፣ የወርቅ ወይም የነሐስ ቁራጭ በሁለት ማኅተም መካከል ይደረግና ይመታል። ስለዚህ ምስሉ ወደ አንድ ወገን ያጋድላል፣ ጠርዙ ይሰነጠቃል፣ ቅርጹ ክብ አይሆንም። ከአንድ ማኅተም የወጡ ሁለት ሳንቲሞች እንኳ ጠርዛቸው አይመሳሰልም። ርካሹ ፎርጅድ ግን በቅርጽ ውስጥ የፈሰሰ ነው። ጠርዙን በአጉሊ መነጽር ዙሪያውን ስታዩት የሁለቱ ግማሾች መጋጠሚያ መስመር ወይም የተሞረደ ቦታ ይገኛል። ገጹ ላይ የአየር ቀዳዳዎች ይታያሉ፤ ፊደሎቹ ያለቀ ሳሙና ይመስላሉ። ከሁሉ የሚያጋልጠው ግን ይህ ነው፦ ሁለት ሳንቲሞች እስከ ጭረታቸውና እስከ ጠርዛቸው ስንጥቅ ድረስ አንድ ዓይነት ከሆኑ ቢያንስ አንዱ ፎርጅድ ነው። ነጋዴው ሳጥን ውስጥ ካሉት ጋር አስተያዩት።

ሚዛንም ይረዳል፣ ግን ለብቻው አይፈርድም። በጥንት ዘመንም አጭበርባሪ ነበር፤ መዳብ በብር ቅጠል ለብጦ «ዲናር» የሚባለውን የሮማ ብር አስመስሎ ይመታ ነበር። ያ ሳንቲም የ2,000 ዓመት ፎርጅድ ነው፤ ጥንታዊ ነው፣ ግን ክብደቱ ይቀልላል። በተቃራኒው ብር ያልመሰለ ሁሉ ሐሰት አይደለም። ካራካላ በ215 ያስጀመረው የሁለት ዲናር ሳንቲም፣ ንጉሡ የፀሐይ ጨረር አክሊል የደፋበት፣ በንጉሠ ነገሥት ጋሊየኑስ ዘመን መጨረሻ ብሩ ጥቂት በመቶ ብቻ ሆኖ ነበር። ላዩ ላይ የተቀባችው ብር ስትለቅ መዳብ ይመስላል። እውነተኛ ነው።

«ከመመርመራችሁ በፊት በሎሚና በጨው እጠቡት»

በፍጹም። አሲድ የሚበላው መጀመሪያ ፊደሉን ነው፤ ከምልክቱ የቀረ ነገር ካለ እሱንም ይጨርሰዋል። የታጠበ ነሐስ ዋጋውም ይወርዳል። ቢበዛ የተጣራ ውሃ፣ ብዙ ትዕግሥት።

«የመበለቲቱ ሳንቲም ብርቅ ነው፤ ካገኛችሁ አትልቀቁት»

ይህ ለፋሲካ ኢየሩሳሌም የሚወርዱ ወገኖቻችንን በቀጥታ ይነካል፤ በአሮጌው ከተማ ሱቆች ከሚሸጡት አንዱ እሱ ነውና። በወንጌል ያለችው መበለት የጣለችው ሳንቲም ነው ተብሎ የሚሸጠው አብዛኛውን ጊዜ የይሁዳው ንጉሥ አሌክሳንደር ያናይ ትንሽ ነሐስ ነው። ያናይ የነገሠው ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ103 እስከ 76 ነው። በአንድ ወገን መልሕቅ፣ በሌላው ኮከብ አለው፤ ብዙዎቹ አንድ ግራም እንኳ አይሞሉም። በጌታ ዘመንም ይዘዋወር ነበር። ግን ብርቅ አይደለም፤ በአካባቢው በብዛት ከሚገኙት ጥንታዊ ሳንቲሞች አንዱ ነው። እውነተኛው ርካሽ ሆኖ ሳለ ፎርጅዱም ይሸጣል።

የግብሩ ዲናርም ያው ነው። ነጋዴዎች የሚያቀርቡት የጢባርዮስን ዲናር ነው፤ በጀርባው የተቀመጠች ሴትና «ፖንቲፍ ማክሲም» የሚል ጽሑፍ ያለበትን። ሊሆን ይችላል፤ ወንጌሉ ግን የቄሳር መልክና ጽሕፈት አለበት ከማለት አያልፍም። «ይኸው ራሱ ነው» ብሎ የሚምልላችሁን ሻጭ አመስግናችሁ እለፉ። ከገዛችሁም ፈቃድ ካለው ሻጭ ይሁን። ከእስራኤል ጥንታዊ ዕቃ ለማውጣት የቅርስ ባለሥልጣኑ ፈቃድ ያስፈልጋል።

«ፎቶ አንስታችሁ ለአፕ ስጡት፤ ስሙን ይነግራችኋል»

አፕ የሚያየው ፊቱን ነው፤ ስለ ፊት ደግሞ ከላይ ብዬ ጨርሻለሁ። ይልቅ የሁለቱንም ገጽ ፎቶ፣ ክብደቱን፣ ስፋቱን፣ የሚነበቡትን ፊደላት በሙሉ ጻፉ። የማይነበበው ቦታ ላይ ነጥብ አድርጉ፤ አትገምቱ። የአሜሪካ የሳንቲም ጥናት ማኅበር የሮማ ንጉሠ ነገሥታትን ሳንቲሞች በነጻ የሚፈለግበት መዝገብ በኢንተርኔት አስቀምጧል። ከፊል ጽሑፍ አስገብታችሁ መፈለግ ትችላላችሁ። የአራተኛው ክፍለ ዘመን ነሐስ ከሆነ ደግሞ ከታች ከመስመሩ ሥር ያሉትን ፊደላት እዩ፤ «ሲስ» ከሆነ ሲስኪያ፣ «አንት» ከሆነ አንጾኪያ፣ «አሌ» ከሆነ እስክንድርያ ነው። ይህን ሁሉ አድርጋችሁ «በአራተኛው ክፍለ ዘመን አንጾኪያ የተመታ፣ ንጉሡ ያልተለየ» ላይ ብትቆሙ ጥሩ ሥራ ነው። ሙዚየሞችም እንዲሁ ይጽፋሉ።

«እውነተኛ መሆኑን ካወቃችሁ የፈለጋችሁትን አድርጉ»

ሳንቲሙ እውነተኛ ሆኖ ነገሩ ሐሰት ሊሆን ይችላል። ዩልዮስ ቄሳርን ከገደሉት አንዱ ብሩቱስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ42 ያስመታው ሳንቲም አለ፤ በጀርባው ሁለት ጩቤ፣ የነጻነት ቆብና ግድያው የተፈጸመበት ቀን። አንዱ የወርቅ ቅጂ በ2020 ለንደን ውስጥ በጨረታ ወደ 4.2 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። የባለቤትነት ታሪኩ ግን የፈጠራ ሆኖ ተገኘ። በ2023 አሜሪካ ውስጥ ተይዞ ለግሪክ ተመለሰ። ክሱ ሳንቲሙ ፎርጅድ ነው የሚል አልነበረም።

አገር ቤት ሕጉ ከዚህም ግልጽ ነው። በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 (1992 በእኛ አቆጣጠር ነው) መሠረት ሲያርስም ሆነ መሠረት ሲቆፍር በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያውኑ ለአገራችን የቅርስ ባለሥልጣን ማሳወቅ፣ እስኪረከበውም ድረስ ባለበት ሁኔታ ጠብቆ ማቆየት አለበት። አክሱም ዙሪያ ከማሳ ለወጣ ሳንቲምም የሚሠራው ይኸው ነው፤ ሳይታጠብ፣ ሳይፋቅ፣ ከየት እንደተገኘ ተጽፎ።